የጎማ ቀለበት

ጠብ።
ዝም።
ጠብ።

ከቦይለሩ ሥር፣ ከማጣሪያው ጉሮሮ
ጥቁር ውሃ ወርዶ ሞላ የኬክ ቆርቆሮ፤
ሌሊቱን በሙሉ ሲቆጥር የኔ ጆሮ
መቶ አርባ ላይ ጠፋው፤ ጀመረ ከአንድ ዞሮ።

ግሪምስቢ ላይ በጥር ባሕሩ እንግዳ ነው፣
በር አያንኳኳም፤
በመስኮት ስንጥቅ ገብቶ አልጋ ጫፍ የሚቀመጠው።
ዓሣ ፋብሪካው ደግሞ ሰዓታችንን ቆርጦታል፣
የዓሣ ራስ እንደሚቆረጥ፣ በአንድ ምት። ማን ያመነታል?

ጧት ለጠጋኙ ደወልኩ። ድምፁ ማር የተቀባ፦
«ለመምጫዬ ዘጠና አምስት፤ ዕቃው ለብቻው። ማክሰኞ ልግባ?»
ዛሬ ዓርብ ነው።
ቦርሳዬ ውስጥ አሥራ አራት ፓውንድና ጥቂት ሳንቲም፣
ደመወዝ እስኪመጣ ስድስት ቀን፤ ሒሳቡ አይገጥምም።
«አስቤ እደውላለሁ» አልኩት። የድሃ «አይሆንም»
እንዲህ ነው የሚባለው፤ ራሱን አያዋርድም።

እጅጌዬን ሰበሰብኩ፣ ቦይለሩን አጠፋሁ፤
እስኪበርድ ጠብቄ የግራ የቀኙን ቫልቭ ዘጋሁ።
ከዚያ ክዳኑን ያዝኩ።
አልነቃነቅ አለ።

ማጣሪያውን የገጠመው ዊልፍ ነበር፣ ባሌ።
አጥባቂ ሰው ነበር። የጃም ብልቃጥ ከዘጋ
ጎረቤት ተጠርቶ ነው የሚከፈት፣ ሲነጋ።
ከሞተ ሦስት ዓመቱ፤ እጁ ግን አልላላም፣
ክዳኑ ላይ ሆኖ ይታገለኛል፤ አይደክም፣ አያፍርም።
በመጨረሻ የራሱን ቀበቶ ከቁም ሣጥን አወጣሁ፣
ክዳኑ ላይ ጠመጠምኩ፣ አንድ እግሬን ግድግዳው ላይ ጣልሁ፤
ሳብኩ።
ተሳደብኩ።
ሳብኩ።
ቀጭ!

ማግኔቱ ሲወጣ ጠጉር አብቅሏል፣ ጥቁር ጭቃ ለብሶ፤
የልጅ ልጄ ጃርቪስ ባትሪ እንደያዘ፣ አጎንብሶ
«ጃርት ነው!» አለ፤ «እዚህ ነበር የሚኖረው?»
«ዝገት ነው» አልኩት፤ «የራዲያተሮቹ ሥጋ፣
በጥቂት በጥቂት ያለቀ።»
አላመነኝም። ስም አወጣለት።

ከሥሩ ያቺ ቀለበት ነበረች፦
ጎማ፣ የተጠፈጠፈች፣ አንድ ጎኗ የተሰነጠቀ፣
እንደ ጥፍር ቁራጭ የደረቀ።
ለዚህች ነው እንግዲህ ዘጠና አምስት ፓውንድ!

የወይዘሮ ብላንቻርድ ሱቅ ወደቡ ማዶ ነው፣
ምስማር እስካሁን በፍሬ የሚሸጥበት።
ለአውቶቡስ አላወጣሁም፤ በእግሬ ሄድኩ።
«ቀለበት ፈልጌ ነበር» አልኳት።
መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ጣቴን አየችው።
ኅዳር ላይ አውልቄ አስይዤ ተበድሬበታለሁ፣
ጋዝ ቆጣሪው በሁለት ሳምንት በልቶ ጨርሶታል፤
ነጭ መስመሩ ግን ገና ከጣቴ አልጠፋም።
ምንም አላለችም።
መሳቢያ ከፈተች፤ ያመጣሁላትን አሮጌ ለካች፣
አንዱን አነሣች፣ መለሰች፣ ሌላውን አነሣች፦
«አንድ ፓውንድ ከሰማንያ።»
ከዚያ ከራሷ ጣሳ ቅባት በጣቷ ጠርጋ፣
በላስቲክ ቁራጭ ጠቅልላ ሰጠችኝ።
«ቫዝሊን እንዳትቀቢው፤ ጎማ ይበላል።»
ለቅባቱ ሳንቲም አልተቀበለችም።

ቀባሁት፤ ቦታዋ ገባች። ክዳኑን አጠበቅሁ፣
በእጄ ብቻ፤ እንደ ዊልፍ አይደለም፣ ለሚመጣው ሰው አዘንኩ።
ቫልቮቹን ከፈትኩ፤ አየሩ ከላይኛው ራዲያተር እያፏጨ ወጣ፤
ውሃ ጨመርኩ፤ መርፌው ከቀዩ ተነሥቶ አረንጓዴው ላይ መጣ።

ማታ ከማጣሪያው ሥር ነጭ ወረቀት አነጠፍኩ።
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በባትሪ አየሁት። ደረቅ።
ዘጠኝ ላይ ደገምኩ። ደረቅ።
ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ሙቀት ሲያፍታታው ይንቋቋል፤
ጆሮዬ አሁንም ይቆጥራል፤ የሚቆጥረው ሲያጣ ግራ ይገባዋል።

ጃርቱ የጃም ብልቃጥ ውስጥ ነው፣ መስኮቱ ላይ።
ክዳኑን የዘጋው ጃርቪስ ነው።
ልደፋው ፈልጌ ሞከርኩት፤
አልከፈት አለኝ።