ዱቤ ነገ

ሁለት መደርደሪያ ግራና ቀኝ አለኝ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ መሐል ቁጭ ያረገኝ።
የቀኙ ላይ ጫማ የሌዮን ነው ቆዳ፣
ጎረቤት የፋቀው ወንዙ ዳር ማለዳ፤
ዋጋው ዘጠኝ መቶ፣
ከዚያ ንቅንቅ አይልም ቢለምኑት ከቶ።
የግራው በመርከብ፣ በኮንቴይነር መጣ፣
የሰፋችው ሴት ስም ሣጥኑ ላይ ያልወጣ፤
እዚያም ማዶ አንዲቱ ጎንበስ ብላ ይሆናል፣
የእሷም ልጅ እግር ያድጋል።
ሁለት መቶ ሃምሳ ፔሶ፤ ላስቲክ ላስቲክ ይሸታል።
ከግራው በቀን ዐሥር፣ ከቀኙ በሳምንት አንድ፤
ልጄን ያስተማረው ግራው ነው፣ እንዴት ብዬ ልካድ?

በሬ ላይ ሁለት ጽሑፍ ጎን ለጎን ተለጥፏል።
አንዱ የእኔ ነው፣ «ሜክሲኮ የሠራችውን ግዙ» ይላል፤
ሌላው የአባቴ ነው፣ ፊደሉ የወየበ፦
«ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ግን ይኖራል።»
የእኔን አይቶ ያልፋል መንገደኛው ሁሉ፣
የአባቴ ላይ ሲደርሱ ቆመው ይስቃሉ።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው
ኦቲሊያ መጣች ልጇን አስከትላ፤
ኔፍታሊ ይባላል፣ እግሩ እንደ ቡችላ
ከገላው ቀድሞ የሚያድግ ነው።
ዐይኗ ወደ ግራ፣ እጇ ግን ወደ ቀኝ ሳታዘው ሄደና
አንዱን ጥቁር ጫማ አነሣች፣ ገለበጠችው፣
ተረከዙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።
«የኔ ስፌት እኮ ነው! እየው፣ ቶሪቢዮ፣
እዚህ ጋ ስደርስ ክሩን እደግመዋለሁ፤
አለቃው ቢቆጣም፣ ክር ፈጀሽ ቢለኝም፣
እኔ ተረከዝ አላምንም።»
ከዚያ ዋጋው ጋ ደረሰች፤
ዋጋውም ቀና ብሎ እንደማያውቃት አያት።
የግማሽ ሳምንት ላቧ፣ የወገብ ሕመሟ
ከራሷ እጅ ወጥቶ ለራሷ እጅ ራቃት።
መለሰችው በቦታው፣ አፍንጫውን አስተካክላ፤
ሁለት መቶ ሃምሳ ቆጠረች፣ ከቦርሳዋ ጥግ ሳንቲም አክላ።
ምን ልበላት? ጽሑፌን ላንብብላት?
«ሜክሲኮን ግዢ» ልበል፣ ሜክሲኮ እሷው ሆና?

መስከረም ዝናቡን ሲያወርደው
የግራው ጫማ አፉን ከፈተ፣ እንደ ዓሣ ውኃ ጠጣ።
በሙጫ ዘጋሁት። ሳምንት ሳይሞላው ዳግም መጣ።
ርካሽ ሦስቴ ይገዛል፤ ይህን ሒሳብ
ከድሃ አብልጦ የሚያውቀው የለም፤
ድሃ የጎደለው መነሻው እንጂ ስሌቱ አይደለም።

ማታ ሱቄን ስዘጋ ጽሑፌን ቀና ብዬ አየሁት፤
ወረቀቱ የውጭ፣ ማጣበቂያው የውጭ፣
የለበስኩት ጃኬት እሱም የውጭ፤
የአገር የነበረው የጠጣሁት ቢራ ብቻ።
አፈርኩና ላጥኩት።

በማግስቱ ኦቲሊያን ከመንገድ ጠራኋት፦
«አባቴ ነገ ያለው ለካ ዛሬን ነው» አልኳት።
«ሃምሳ ሃምሳ ፔሶ፣ ዐሥራ ስምንት ቅዳሜ።»
ሳቀች፤ እንደ ሰዉ ሁሉ፣ እንደ ቀልድ ቆጥራው፤
ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቁን ተወችው።
ኔፍታሊ ከቀኙ ተጫምቶ ወጣ፣
ድንጋዩ ላይ ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣
እንደ ትልቅ ሰው።

ዐሥራ አንድ ቅዳሜ አንዱም አልተዛነፈ።
በዐሥራ ሁለተኛው የፋብሪካው በር ሰንሰለት ታሰረበት፤
ሴቶቹ ደጅ ቆመው፣ ሽርጣቸውን እንዳሠሩ፣
ወሬ እንኳ አያወሩ።
ደብተሬ ላይ ሰባት ባዶ መስመር ቀሩ።

አልጠየቅኋትም። ተረከዙ ጠንክሯል።
ልጁ በየማለዳው በደጄ ሲያልፍ
ዕዳው እንዳይሰማኝ እግሩን ቀስ ያደርጋል፤
እኔም ሬዲዮኔን አደርገዋለሁ ከፍ።