ስልሳ ሳንቲም

ሜትሩን ዘረጋሁት ከወጥ ቤቱ ግድግዳ፣
በመተላለፊያው፣ እስከ መኝታው ጓዳ።
ዘጠኝ ሜትር ከአርባ።
ደግሜ ለካሁት፤ ያው ዘጠኝ ከአርባ ነው።
የአየር ጠመንጃ ሕግ አስር ነው የሚለው፤
ከቆምክበት መስመር እስከ ወረቀቱ
አስር ሜትር ሙሉ፣ ሳይጎድል ርቀቱ።

ስልሳ ሳንቲም አጣሁ።
ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሞ ኪሱን እንደሚያራግፍ
ቤቴን ዳበስኩት ከጫፍ እስከ ጫፍ።

ኑርሜስ ያለው ክለብ ተዘጋ በኅዳር፤
ጣሪያው በበረዶ ጎብጦ ነበር።
ሌላው ሩቅ ነው፣ ሰማንያ ኪሎ ሜትር፤
መንገዱ መስታወት፣ ዓይኔም ማታ ማታ አይታመንም።

ቤት ውስጥ ይሁን አልኩ።
ሳጥን ከጣውላ፣ ከውስጡ ብረት፣
ዘመም ብሎ የቆመ፣ ጥይት ሲያርፍበት
ወደ ታች እንዲጥል፣ ወደ እኔ እንዳይመልስ፤
ከጀርባው አሮጌ ምንጣፍ፣ ጩኸቱን የሚያለሰልስ።
አንድ ጣሳ ሙሉ የእርሳስ ጥይት፣ አምስት መቶ።
አንድ መብራት ለዒላማው፣ አንድ መብራት ለእኔ፤
የጓሮው በር ተቀርቅሮ፣ ቁልፉ ከጎኔ።

ጎረቤቴ ኦይቫ፣ በረዶውን ከጫማው አራግፎ
ገባና ሳጥኑን አየው፣ በሩን ተደግፎ።
«ታርሞ፣ በሰባ አንድ ዓመትህ ማን ደፈረህ?» አለኝ።
ማንም። እጄ ነው የከዳኝ፤ ስኒ ሳነሳ ይንቀጠቀጣል፣
ጠመንጃ ሳነሳ ግን፣ ለምን እንደሆን እንጃ፣ ጸጥ ይላል።
ይህን ለኦይቫ አልነገርኩትም።
«ብርዱ ረዘመ» አልኩት።

ስልሳ ሳንቲም።
አንድ ቦታ ነበረ። መኝታው ግድግዳ ውስጥ፣
የኢርሜሊ ቁም ሳጥን፣ አራት ዓመት ያልተነካ።
ጥልቀቱን አውቀዋለሁ፤ ራሴ ነኝ የሠራሁት
በተጋባን በሁለተኛው ዓመት፤
ስልሳ ነው፣ ኮት በመስቀያው ልክ የሚገባበት።

ከፈትኩት።
ሁለት የሱፍ ሹራብ፣ አንድ የዝናብ ካፖርት፤
ኪሱ ውስጥ መሐረብ፣ የከሰረ የአውቶቡስ ትኬት።
ከመስቀያው አውርጄ ካርቶን ውስጥ ሳጣጥፍ
እጄ ተንቀጠቀጠ። ስኒ አልያዝኩም።

ከበሩ ጀርባ የእርሳስ ጽሑፍ አለ፣
የእሷ እጅ፣ ወደ ግራ ያዘነበለ፤
«ቱይሬ፣ አራት ዓመት፤ መቶ ሁለት።»
«ቱይሬ፣ ሰባት ዓመት፤ መቶ ሃያ ሁለት። ተረከዝሽን አታንሺ!»
«ቱይሬ፣ አስር ዓመት፤ መቶ አርባ።»
እዚያ ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ልጅቷ
አልለካም አለች፣ ትልቅ ሰው ነኝ ብላ።

መቶ አርባ።
ቁጥሩን አውቀዋለሁ። ሕጉ ላይ ተጽፏል፤
የዒላማው እምብርት፣ ከወለሉ በላይ
መቶ አርባ ሳንቲም መሆን ይኖርበታል።

ሳጥኑን አስገባሁ፣ ወረቀቱን ሰቀልኩ፤
ጥቁሩ ክብ አረፈ
ከተከፈተው በር፣ ከዚያች ጭረት ጎን፣ በአናቷ ልኩ።
ተመልሼ ወጥ ቤት መስመሩ ላይ ቆምኩ፤
ሰደፉን ከጉንጬ፣ ትንፋሼን በግማሽ፣
አነጣጠርኩ።
ቱይሬ ዛሬ ኦውሉ ናት፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ጉልበቷን ያማታል፤
እኔ ይህን አውቃለሁ። ጣቴ አላወቀም።
ምላጩ ላይ ቀረ፤ አልስብም አለ።

ጠመንጃውን አስቀመጥኩ። የደንቡን መጽሐፍ አወጣሁ፣
መነጽሬን ፈለግኩ፣ ገጹን ገላለጥኩ፤
ከግርጌው፣ በደቃቅ ፊደል፣
አምስት ሳንቲም ቢወጣ ቢወርድ ይፈቀዳል ይላል።
ይህን የጻፈው ሰው ልጅ ነበረው ይሆን?

ምስማሩን ነቀልኩት። አምስት ሳንቲም ወደ ላይ።

በአንዱ የልብ ምትና በሚከተለው መሃል
ጠባብ ቦታ አለች፤ ሰው አይኖርባትም፣ ጥይት ያልፍባታል።
ሳብኩት።
ቀጭ አለ፣ እንደ ደረቅ ጭራሮ።
ስምንት። በአናቷ ላይ አለፈ።

መሳቢያዋ ውስጥ ጉማጅ እርሳስ ነበር፣ ጫፉ በጥርስ የታኘከ።
በአንዱ እርሳስ የመታሁትን
በሌላው እርሳስ ጻፍኩት፣ ከቱይሬ በላይ፤
«ታርሞ፣ ሰባ አንድ ዓመት፤ ስምንት። ተረከዜን አላነሳሁም።»