ሃያ ስምንት

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልቱ ካለቀበት፣
የእትዬ አሰገደች ግቢ፣ የኔ ጠባብ ሰርቪስ ቤት፤
ክዳኑን በበሳሁት አይስክሬም ዕቃ፣ እርጥብ ሰጋቱራ ላይ፣
አሥራ አራት እንቁላል፣ ተጣብቆ የማይለያይ።

እናቲቱ ብርቱካን፣ ጀርባዋ ቀይ ዳማ፣
ሆዷ የበቆሎ ፍሬ፣ ድምጿ የማይሰማ፣
ጥላው ዞር ብላለች፤ አታቅፍም እንደ ዶሮ።
ማቀፉ የኔ ነው ዘንድሮ።

«ብርቱካንዬ፣ በርቺ» ስል ሰምተው በመስኮት፣
«ሴት ከገባች እኮ፣ ልጄ፣ ኪራዩ ነው የሁለት!»
«ጫጩት ላስፈለፍል ነው» አልኳቸው።
የቀረውን ዋጥኩባቸው።

ሐምሌ ሲጋመስ መብራት ሄደ።
ሃያ ስምንት የነበረው፣ ወደ ሃያ አራት ወረደ።
በጋቢዬ ጠቀለልኩት፤ ቡታጋዝ የለኝ፣ ከሰል የለኝ፤
በጨለማ በር ተንኳኳ፤
«ውሃ አፍልቻለሁ፣ ሃይላንድ ካለህ አቀብለኝ፤
ጫጩቶቹ ምን በደሉ?»
እንዲህ እያሉ
ሦስት ሌሊት ተመላለሱ፣ ነጠላቸው በዝናብ ርሶ፤
እኔም ዝም ብዬ ተቀበልኩ፣ እውነቱ ምላሴ ጫፍ ደርሶ።

ነሐሴ። የአንዱ ቆዳ ተሰነጠቀ።
አፍንጫ። ምላስ እንደ ክር። ዓይን፣
የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህል፣ አጮለቀ።

እሳቸው ክክ በቆሎ ጨብጠው፣ «ለልጆቹ» ብለው፣
ደጃፉ ላይ ናቸው።
«እባብ ግደል፣ ከነበትሩ ገደል» የሚባልበት ሰፈር ነው።
አየሁ፣ ጭብጣቸው ሲላላ፤
በቆሎው እግራቸው ሥር ፈሰሰ፤
እኔም በልቤ ጓዜን ጠቀለልኩ፣ ለሌላ ቤት፣ ለሌላ።

ብዙ ቆዩ።
ከዚያ፣ ደፉን ሳይሻገሩ፦
«በሩን ዝጋው፤ ይበርዳቸዋል።»