ዘራፍ የሌለው ፉከራ

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ላይፕዚግ፣ ቤተ መጻሕፍት፤
ከሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ከማሞቂያው ፊት፣
ፍራው ዴትማርስ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ
አራት ገጽ ሕይወቴን አነበበች ችላ።
«አራት ገጽ ማን ያያል? ደቂቃም አይሰጡሽ፤
ሁለት ገጽ ይበቃል፣ ሌላው ምን ሊጠቅምሽ?»

ቀይ እርሳስ አነሣች።
መጀመሪያ የአያቴን ስም፣ እንድሪስን፣ ቆረጠች።
ከዚያ ሃይማኖቴን፤ ከዚያ የልጆቼን ቁጥር፤
ከዚያ «ታማኝ ነኝ፣ ታታሪ ነኝ፣ ሰው የማከብር»፤
(«ይህንማ ሁሉም ይላል።»)
ከዚያ «ከታላቅ አክብሮት ጋር» ብዬ የቋጨሁትን
ያንን የቀበሌ ደብዳቤ ጅራቱን።

ከልደት ቀኔ ስትደርስ እርሳሷ ቆመ።
«ጃንዋሪ አንድ?»
«እሱ የቢሮው ነው» አልኋት። «የኔ ጳጉሜን ስድስት ነው፣
በአራት ዓመት አንዴ ብቅ የሚለው፤
ለዚያች ወር ኮምፒውተሩ ሣጥን የለው።»
ሳቀች። ሳቋ ግን ቀኑን አላረመው።

ጀርመኖች ይህን ወረቀት የሕይወት ሩጫ ይሉታል።
ሩጫ ከሆነማ መቆም ያስጠይቃል፤
«ከዚህ እስከዚህ» አለች ፍራው ዴትማርስ
ጣቷን ከዓመት ዓመት ስታመላልስ፣
«ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ባዶ ነው፤
የአሠሪ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው እዚህ ነው።»

ባዶ?

ኮምቦልቻ። አባቴ፣ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት።
እኔ ከፈረቃዬ ቀርቼ፣
በየሁለት ሰዓቱ ጎኑን አገላብጬ፣
ጢሙን ላጭቼ፣ ገላውን አጥቤ፣
ሌሊት በትንፋሹ ሰዓት ቆጥሬ።
እስኪሞት ድረስ ጀርባው ላይ
አንድ ቁስል አልወጣም። አንድ።

ነገርኋት። ዝም ብላ ቆየች።
ከዚያ በክፍተቱ ላይ «አስታማሚ» ብላ ጻፈች፤
«ሥራ ነው» አለች፤ ሁለቴ አሰመረች።

ወደ ፋብሪካው አለፍን። የሽመና መኪና ጠጋኝ፣ አሥራ አንድ ዓመት።
«ምን ሠራሽ?»
«መኪና ሲሰበር እንጠግን ነበር።»
«እነማን?»
«እኛ። ፈረቃው።»
«‹እኛ›ን ሰርዢና ‹እኔ› በዪ። ከዚያ ቁጥር፦
ስንት መኪና? በስንት ሰዓት? ምን ተረፈ? ምን ተቀየረ?»

እጄ እምቢ አለኝ።
ሰው ሲያመሰግነኝ እንኳ «አልሐምዱሊላህ» ብዬ
ወደ ጓዳ የምሸሽ ሴት ነኝ፤
ምስጋናን በራሴ አፍ እንዴት ልብላው?

ድንገት አጎቴ አበጋዝ መጣብኝ፤
በሰርግ ድንኳን መሀል ከዘራ ነጥቆ ሲገባ፣
«ዘራፍ!» ሲል፣ ገድሉን በስም፣ በቦታ፣ በቁጥር ሲያስገባ።
ማንም «ኮራ» አላለው፤
እልልታ ነበር የከፈሉት፣ ጭብጨባ።
ለካስ ይህም እሱ ነው!
ዘራፍ የሌለው ፉከራ፣ ከዘራ የሌለው፣
በትንሽ ፊደል ተጽፎ ሳይጮኽ የሚያቅራራ።

እንግዲያውስ ወረቀት አምጪ፦

አርባ ስምንት መኪና በሌሊት ፈረቃ
በጆሮዋ ምትለይ የቱ ብረት እንደነቃ፣
መለዋወጫ ሲጠፋ ከውድቅ ብረት ቀርጻ
መኪናውን ያስነሣች ፀሐይ ሳትወጣ፣
ስድስት ጀማሪ አሠልጥና ለወግ ያበቃች፣
የይመር ልጅ ራቢያ፣ በጨለማ ክር የቀጠለች!

ፍራው ዴትማርስ በነጥብ በነጥብ ከፋፈለችው።
በጀርመንኛ ቀዘቀዘ፤ ቤት መምታቱን ተወው።
ቁጥሮቹ ግን አልሞቱም፤
አርባ ስምንት በየትም አገር አርባ ስምንት ነው።

ለአንድ የመኪና ቀበቶ ሸማኔ ፋብሪካ ላክነው፤
ሁለት ገጽ፣ ከማተሚያው እንደ ወጣ የሚሞቅ።
ትራሙ በድሮው የጥጥ ፋብሪካ በኩል አለፈ፤
መኪናዎቹ የሉም፤ አሁን ሥዕል ይታይበታል።
ቢሆንም ጆሮዬን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁ።

መልስ ገና አልመጣም።
የተቆረጡት ሁለት ገጾች ከካፖርቴ ኪስ ናቸው፤
እንድሪስም እዚያው ነው፣
ከትራም ቲኬቱ ጋር።