የክርስትና ስም

ከሌሊቱ ስምንት፣ ጎንደር ሙሉ ስትተኛ፣
አውቶፓርኮ፣ ከእድሩ ቤት፣
ይነቃል ኮምፒውተሬ እንደ ሰፈር ዘበኛ፤
የእድራችንን መዝገብ፣ የሟች የቀሪውን ስም
ከዲስኩ ሊያስቀምጥ።
ሠላሳ ሌሊት ነቃ፤ አንድ ፋይል አልደረሰም።

ገመዱን ቀየርኩት፣ አቧራውን እፍ አልኩት፣
ከሶኬቱ ነቅዬ መልሼ ሰካሁት።
"ቡዳ ነው" አለች ስቃ ገንዘብ ያዣችን ጥሩወርቅ።
ዲስኩ ግን ደህና ነው፤
ይሰማኛል እጄ ላይ ሲሞቅ።

ዛሬ የስህተቱን ዝርዝር ገልጬ አነበብኩ፤
"ኢ አልተገኘም" ይላል። ሠላሳ ጊዜ ቆጠርኩ።
ለካ ያን ዕለት መብራት ሄዶ ሲመጣ፣
ዲስኩ ኢ ሆኖ ጠፍቶ፣ በኤፍ ፊደል ኖሯል የወጣ።
አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣
በድሮ ስሙ ሲጠራው ከረመ ሌሊት ሌሊት።

እትዬ ደብሪቱን በሰኔ ዝናብ ስንቀብር፣
"የክርስትና ስሟስ?" አሉ ቄሱ፣ ለፍትሐቱ።
ተያየ ያ ሁሉ እድር።
መዝገቡን ብገልጥም፣ ያው ደብሪቱ፣ ደብሪቱ።

ለዲስኩ ቋሚ ፊደል ሰጠሁት።
በመዝገቡም አንድ ዓምድ ጨመርኩ፤
ከእሷ ፊት ለፊት ባዶ ነው።
ስምንት ሰዓት ሲሞላ፣ መብራት ካልሄደ፣
ባዶውም አብሮ ይቀዳል።