ማንሳት

ከዚራ ላይ ጥላ አለ፤ ዛፎቹ ከላይ ተቃቅፈው፣
መንገዱ በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ ብሎ።
እዚያ ብዙም አላነሳ።
እኔ ከቤት የምወጣው አሥራ ሁለት ሳይሞላ፣
ሙቀቱ ገና ጫማውን ሳያስር፣
ደቻቱን በእግሬ አቋርጬ ወደ መጋላ፦
ውሃ የሌለው ወንዝ፣ አሸዋ፣ አሸዋ፣
የፍየል ኮቴ፣ የባጃጅ ጎማ፣
ትናንት የተጣለ ገራባ።

«አቦ፣ አሸዋ ምኑ ይነሳል?» ይለኛል ሮብሌ
ግመሎቹን ሳያቆም።
መልስ የለኝም።
በየዓመቱ በዚያች ቀን፣ እዚያው ድንጋይ ላይ ቆሜ፣
በዚያው ሌንስ፣ በዚያው ከፍታ
አንድ ብቻ አነሳለሁ።
ዘንድሮ አሥራ አንደኛዬ።

ጎርፉም አንድ ሌሊት መጥቶ አንስቶ ነበር።
አልጋ አነሳ። በር አነሳ። በግ ከነገመዱ አነሳ።
የሂንዲያን ታናሽ እህት ከነፍራሿ፣
ሳትነቃ አነሳ።
ሲሄድ ግን ያነሳውን
ለማንም አላሳየም።

ከድልድዩ ወዲያ ባለው ሰፈር
ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎበታል፣
ከቁጥሩ ሥር «ይነሳል» ይላል።
ቀድሜ አነሳሁት፤
መስኮቱን፣ የተሰጣውን ሽርጥ፣
ቀለሙ ሳይደርቅ ነክቶ ጣቱ የቀላውን ሕፃን።

ለገሃር በር ላይ ሙሴ አርጋው ተቀምጧል፤
ጡረታ ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል፣
ሰዓቱን ግን ጧት ጧት ይሞላል።
አዲሱ ባቡር ከከተማ ርቆ ይቆማል፣
በአሮጌው ሀዲድ መሐል አረም በቅሎ ፍየል ይግጣል።
«ቦንዡር፣ ልጄ። ዛሬም ልታነሺኝ ነው?»
«ከፈቀዱ።»
«አንሺኝ እንጂ! ስሜን የሚያነሳ ሰው ጠፍቶ የለ?»
ኮፍያውን አቃና፣
ፊቱን ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ጅቡቲ አዞረ፤
የሚመጣ ነገር እንዳለ ሁሉ
ዝም ብለን ጠበቅን።

የአባቴ ፎቶ አንድ ነው የቀረን።
መጋላ ውስጥ፣ ዛሬ የስልክ ልባስ የሚሸጥበት ስቱዲዮ፣
ከጀርባው ሸራ ላይ የተሳለ ባሕር፣
በተዋሰው ኮት፣ ባሕር አይቶ የማያውቅ ሀዲድ ጠጋኝ።
አንሺው ደረቱ ላይ ቆረጠው።
እጁ የለም።
እኔ ደግሞ የምፈልገው እጁን ነበር፤
ቀለበት ጣቱ ብሎን በልቶት እንደነበር
እናቴ ትላለች፣ አክስቴ ግን ሌባ ጣቱ ነው ትላለች።
ለዚህ ይሆናል እጅ የማበዛው፦
አሸዋ ገበያ ሚዛን የሚያታልል እጅ፣
ጫት በሙዝ ቅጠል የሚጠቀልል እጅ፣
ሂና ያልለቀቀው የአዲስ ሙሽራ ጥፍር
የባጃጁን ሽቦ ጨብጦ።

ሂንዲያ ድልድዩ ሥር ባጅያ ትጠብሳለች።
አሥር ዓመት ሙሉ ካሜራዬን ሳወጣ
ጀርባዋን ሰጥታኝ ኖራለች።
ዘንድሮ ግን መጥበሻውን ከእሳት አወረደች፣
ወደ አሸዋው ወረደች፣
በዚያ ባዶ ስፍራ፣ በዚያ በየዓመቱ ባዶውን በማነሳው፣
ቁጭ አለች።
«አንሺኝ» አለች። «እኔን ግን አይደለም።
የሷ አንድም ፎቶ የለንም።
መልካችን አንድ ነው ይሉ ነበር።
አሁን ብትኖር፣ ይኸው፣ ሽበቱም ጀምሯት ነበር።»

እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ይህን ሙያ ባልልም።
አንድ ብቻ የሚለውን ደንቤን አፍርሼ አራት አነሳሁ፣
በሦስቱ ሂንዲያ ሂንዲያን ትመስላለች።
በአራተኛው ነፋስ ሻሿን ገፎት፣
በመሐሉ ሮብሌ ከግመሎቹ ጋር ሆኖ የሆነ ነገር ጮኾ፣
ልትስቅ ስትል ያዝኳት፤
ትንሽ ደብዝዟል።

አሳጥቤ ወሰድኩላት።
ብዙ ቆየች እያየችው። ከዚያ፦
«ዓይኗ እዚህ ጋ ጠበብ ይል ነበር» አለች፣
ዘይት በነካው አውራ ጣቷ
እየጠቆመች።
አሻራዋ ወረቀቱ ላይ ቀረ።

አልጠረግኩትም።