የአንድ ሰዓት ፀሐይ

ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣ በአሮጌው ሆቴል ግቢ፣
በደረቀው የፏፏቴ ገንዳ ውስጥ ሦስት ኤሊ።
ለሦስት ኤሊ አንድ ድንጋይ፣
ለድንጋዩም የአንድ ሰዓት ፀሐይ፤
በፎቅና በፎቅ መሐል ሾልካ፣
ከአራት እስከ አምስት የምትታይ።

ትልቁ ይወጣል። አይቸኩልም፤ ማን ይቀድመዋል?
አንገቱን መዝዞ፣ አፉን ከፍቶ ያያል፤
ማየቱ ብቻ ይበቃል።
ያልበቃ ዕለት ከትንሿ ሥር ይገባል፣
በቅርፊቱ ጫፍ ይገፋታል፤
ቋ! ትገለበጣለች፣
በአራት እግሯ ሰማይ ትቧጥጣለች።

ዘበኛው ጋሽ ወርዶፋ በከዘራው ያቃናታል፤
«አንቺ ደግሞ፣ ቦታ ሞልቶ!» ይላታል።
የት ሞልቶ?

እኔ ከሒሳብ መስኮቴ አያለሁ።
ትናንት የአዲሱ ሥራ አስኪያጅ መኪና መጣች፣
የጋሽ ወርዶፋ ወንበር ካለበት ፀሐይ ፊት ቆመች።
ክላክስ እንኳ አላደረገም፤
መስታወቱን ዝቅ አድርጎ አየው።
ሽማግሌው ወንበሩን አንጠልጥሎ ወደ ጥላው።

ዛሬ ትንሿ ተገልብጣ ቆየች፤
ጋሽ ወርዶፋ ሌላ ቦታ ያያል፣
ከዘራው ግድግዳ ተደግፏል።
ወጥቼ አቃናኋት። ለካ ትከብዳለች።

ስመለስ አለቃው በኮሪደሩ መጣ፤
ምንም አላለኝም፣
ሳላስበው
አንገቴን ወደ ውስጥ ሳብኩ።